ከግድግዳው ማዶ ሴት ስትመታ ብትሰሙ፦ ሃይደራባድ ያስተማረችኝ

ሕንድ ለትምህርት የምትሄዱ እህቶች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ቪዛው ነው። ስለ እሱ የሚነግራችሁ አታጡም። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ ነገር ነው። ተከራይታችሁ በገባችሁበት ፎቅ ላይ ከግድግዳው ማዶ ባል ሚስቱን ሲደበድብ ብትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ? የሰው አገር ሰው ናችሁ። ቋንቋው በቅጡ አይገባችሁም። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ይታደስ አይታደስ እያላችሁ ትሰጋላችሁ። ሴትየዋ ግን እየተመታች ነው።

ፒኤችዲዬን የሠራሁት ሃይደራባድ ነው። የተከራየሁት ታርናካ የሚባል ሰፈር ነበር። ኦስማኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ስለሆነ ተማሪ ይበዛበታል፤ ሐበሻም አይጠፋም። (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የእኔና የጎረቤቶቼ በር ፊት ለፊት ነው። ባል፣ ሚስት፣ የባል እናትና አንዲት ትንሽ ልጅ ይኖራሉ። ሚስትየዋን "አካ" እላታለሁ፤ በቴሉጉ፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ እትዬ እንደማለት ነው። ባሏን ደግሞ "አና"፣ ማለትም ጋሼ። እዚያ ታላቅን ሰው በባዶ ስሙ አይጠሩትም፣ እንደ እኛው ናቸው።

አካ ጠዋት ጠዋት ደጃፏን ጠርጋ ውሃ ትረጭና በነጭ ዱቄት ሙጉ ትስላለች። ሙጉ በር ላይ የሚሳል ጌጥ ነው። ነጥቦቹን ትደረድርና መስመሩን በመሀላቸው ትጠመዝዘዋለች። እጇ የተባረከ ነበር። አንድ ጠዋት ስወጣ ሙጉው ተንጋዷል። ጎንበስ ብላ በግራ እጇ ነው የምትስለው። ቀኝ እጇን በሻርፗ ሸፍናዋለች። "ምነው አካ?" ስላት "ኩከሩ አቃጠለኝ" አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። ማታውን ቴሌቪዥናቸው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር።

የቴሌቪዥኑ ነገር ቆይቶ ነው የገባኝ። ሊመታት ሲል ድምፁን ይጨምረዋል። ፎቁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የቤቱን ባለቤት አነጋገርኩት። ደግ ሽማግሌ ነው፣ ኪራይ ሲዘገይ እንኳ አይጨቀጭቅም። "የቤት ጉዳይ ነው ልጄ፣ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ" አለኝ። አዲስ አበባ ብሆንም የምሰማው ይህንኑ ነበር። በባልና በሚስት መሀል አይገባም።

ጠቡ የካትናም ጠብ ነው። በሂንዲ ዳሄጅ ይሉታል። ሴት ስትዳር ከቤተሰቧ ወደ ወንዱ ቤተሰብ የሚሄድ ገንዘብ፣ ወርቅና ዕቃ ነው፤ የእኛን ጥሎሽ ገልብጣችሁ አስቡት። የአካ አባት ጥጥ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ጥሬ ገንዘቡን፣ ፍሪጁንና ሞተር ሳይክሉን ሰጥተዋል። ከወርቁ ግማሹን ሰጥተው ግማሹን "በሚቀጥለው ምርት" ብለው ቀጠሩ። ምርቱ አልሆነም፣ ዕዳ ውስጥ ገቡ። አካ የምትመታው በዚያ ባልተከፈለ ወርቅ ነበር። አማቷ ቀኑን ሙሉ በነገር ስትወጋት ትውላለች፣ ማታ ልጇ በእጁ ይቀጥላል። ሴት ልጅ መውለዷም ሌላ ወንጀል ነበር። ለእሷም ነገ ካትናም ይፈለጋላ!

ካትናም መስጠትም መቀበልም በሕግ ከተከለከለ ቆይቷል። ሕጉ የወጣው በ1961 ነው። ዛሬ ቅጣቱ ቢያንስ 5 ዓመት እስራት ነው ይላል። ሰርግ ላይ ግን "ስጦታ" ተብሎ በአደባባይ ይሰጣል። ብዙ ቤተሰብ ነገሩ ሲበላሽ የማይከሰው "እኛም ሰጥተናል፣ አብረን እንታሰራለን" ብሎ ስለሚፈራ ነው። የአካ አባትም ያሉት ይህንኑ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ተበዳይ የሆነ ሰው በሰጠው ቃል የተነሳ በዚህ ሕግ እንደማይከሰስ እዚያው ሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ይህን የሚያውቅ ጠበቃ ያላቸው ስንቶቹ ናቸው?

ነገሩ በዱላ ብቻ አለመቆሙ ነው የሚያስፈራው። በ2022 ፖሊስ በመላ አገሪቱ የመዘገበው የካትናም ሞት ከ6,400 በላይ ነው። በቀን ሲካፈል ከ17 ያልፋል። ድሮ አብዛኞቹ "ስቶቭ ፈንድቶባት" ተብለው ነበር የሚቀበሩት። የሚገርመው ስቶቩ የሚፈነዳው ሁልጊዜ በምራት ላይ ነው፤ በአማት ላይ ፈንድቶ የሚያውቅ አልነበረም። ዴልሂ ውስጥ ሳትያ ራኒ ቻዳ የሚባሉ እናት በ1979 ነፍሰ ጡር ልጃቸው ተቃጥላ ሞተችባቸው። የባል ቤተሰብ ስኩተር ሲጠይቅ ነበር። እኚህ ሴት እንደሳቸው ልጅ ከቀበሩ እናቶች ጋር መንገድ ላይ ወጡ፣ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ለአሥርተ ዓመታት ተንከራተቱ፣ ሻክቲ ሻሊኒ የሚባል መጠለያም አቋቋሙ። በ1983 ባልና የባል ዘመድ በሚስት ላይ የሚፈጽመው ጭካኔ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ። በ1986 ደግሞ ሴት ባገባች በ7 ዓመት ውስጥ በቃጠሎ ወይም ባልተለመደ ሁኔታ ከሞተች፣ ከመሞቷ በፊትም ለካትናም ስትሰቃይ እንደነበር ከታየ፣ "የካትናም ሞት" የሚባል ወንጀል ሆነ። እነዚህ ሕጎች የመጡት የእነዚያ እናቶች ዓይነት ሴቶች ጎዳና ላይ ስለጮሁ ነው።

አካ ከተጋባች ገና 7 ዓመት አልሞላትም ነበር። ይህን ሳውቅ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አብራኝ የምትማር፣ ዋራንጋል ከምትባል ከተማ የመጣች ልጅ ነች መላውን የነገረችኝ። "ደወላቸውን ደውዪ" አለችኝ። በ2008 ብሬክስሩ የሚባል ድርጅት "ቤል ባጃኦ"፣ ደወሉን ደውሉ፣ የሚል ዘመቻ በቴሌቪዥን ጀምሮ ነበር። ማስታወቂያዎቹ ላይ ጎረቤት የሆነ ወንድ የሴት ጩኸት ይሰማል፣ ሄዶ ይደውላል፣ በሩ ሲከፈት እዚህ ግባ የማይባል ነገር ይጠይቃል። ወተት አለ? ስልክ ልጠቀም? በቃ። ነገሩ ሲነገረኝ ቀልድ መሰለኝ። ሰው ሲገደል ወተት ልጠይቅ?

አንድ ማታ ቴሌቪዥኑ ጮኸ። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁና ደወልኩ። ዝም። ደግሜ ደወልኩ። አና ራሱ ከፈተ፤ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተከፍቷል፣ ላብ በላብ ሆኗል። "አና፣ እናንተ ጋ ውሃ መጥቷል?" አልኩት። ሃይደራባድ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄው አይጠረጠርም። "ሌዱ" አለኝ፣ የለም ማለቱ ነው። በሩን ሊዘጋው ሲል "ጋኑ ባዶ ሆኖ ይሆን? አካ ታውቅ ይሆናል" ብዬ ቆምኩ። አካ ፀጉሯን እየሰበሰበች ብቅ አለች። ስለ ውሃ አወራን። ስለ ውሃ የዚያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ቴሌቪዥኑን አንድ ሰው ቀነሰው። ያን ማታ ድብደባው አልቀጠለም።

መደወል ትዳሩን አይፈውስም። ሰውየውንም መልአክ አያደርገውም። የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ የተነሳውን እጅ ያቋርጣል፣ "ሰው ይሰማሃል" ይለዋል። ግን ለምን እንደመጣችሁ እንዳትናገሩ። "ለምን ትመታታለህ?" ብላችሁ ከጀመራችሁ በሩ ሲዘጋ "አንቺ ነሽ ያወራሽው" ተብላ ዕዳውን የምትከፍለው እሷ ናት። ብቻችሁን ባትሄዱ ይመረጣል። እኔ አንዳንዴ ምድር ቤት የሚኖሩትን አንቲ ይዤ እወጣ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የረሱትን ድስት ሊጠይቁ! ሰክሮ ከሆነ፣ ስለት ከያዘ፣ የኬሮሲን ሽታ ከሸተታችሁ ግን ደወሉን ተዉት። ቀጥታ ፖሊስ ነው።

ከመጀመሪያው ማታ በኋላ ያደረግኩት ትልቁ ነገር እሷን መጠየቅ ነው። ሴቶቹ ለብቻቸው የሚገናኙት ሰገነቱ ላይ፣ ልብስ ሲያሰጡ ነው። አማትየዋ ደረጃ መውጣት አትችልም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። "መደወሌ ይጎዳሻል ወይስ ይጠቅምሻል?" አልኳት። ቆይታ "ደውዪ" አለችኝ። "ተነሽ ከቤቱ ውጪ፣ ፍቺው" አላልኳትም፤ የዋራንጋሏ ልጅ ቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር። ሴት በጣም አደጋ ላይ የምትወድቀው ልትሄድ ስትነሳ ነው። መቼ እንደምትሄድ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እናቷ ስትደውል "አጀስት አድርጊ ልጄ" ነው የምትላት። አባቷ ዕዳ ላይ ነው። የራሷ ገቢ የላትም። የት ትሂድ?

ሰገነቱ ላይ ቀስ በቀስ ተስማማን። ትንሿ ልጇ መጥታ "ካሪ ቅጠል አለሽ?" ካለችኝ ፖሊስ እጠራለሁ። እኔ ቤት ካሪ ቅጠል ኖሮ አያውቅም፣ ስለዚህ አይምታታም። በስልክ እንዳንጻጻፍም ወሰንን፤ ስልኳን ማታ ማታ እሱ ይፈትሻል። ደግሞ በልብስ ክምር ውስጥ አድርጋ አንድ ፌስታል አመጣችልኝ። የአድሃር (የመታወቂያ) ካርዷ ኮፒ፣ የባንክ ደብተሯ፣ የልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወርቅ ቤቱ ደረሰኞችና የሰርግ ፎቶዎቿ ነበሩበት። ፎቶ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። አንገቷ ላይ ያለው ወርቅ ይታያል። ሴት ከቤተሰቧ ይዛ የመጣችው ወርቅና ስጦታ በሕንድ ሕግ የራሷ ንብረት ነው፣ ስትሪድሃን ይሉታል። አማት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቢቀመጥም የእሷው ነው። ግን በወረቀት ማሳየት አለባት። የምታግዟት ሴት ካለች ከሁሉ በፊት ይህን ፌስታል አስቡበት።

ስለ ራሴ ፍርሃት ላውራ። በ2005 የወጣ፣ ከ2006 ጥቅምት ጀምሮ የሚሠራ፣ ሴቶችን ከቤት ውስጥ ጥቃት የሚጠብቅ ሕግ አለ። የዚህ ሕግ አንቀጽ 4 "ጥቃት ተፈጽሟል ወይም ሊፈጸም ነው ብሎ ለማመን ምክንያት ያለው ማንኛውም ሰው" ለጥበቃ ኦፊሰር መጠቆም ይችላል ይላል። በቅን ልቦና የጠቆመ ሰው በፍትሐብሔርም በወንጀልም አይጠየቅም። ዜጋ መሆን አለበት አይልም። ይህን አንቀጽ ሳነብ ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር የምዞረው።

የካሪ ቅጠሉ ማታ መጣ። ልጅቷ በባዶ እግሯ ነበረች። አስገባኋትና ደወልኩ። ያኔ የፖሊስ ቁጥር 100 ነበር፣ አሁን በመላ አገሪቱ 112 ነው። ሁለት ፖሊሶች በሞተር መጡ። ሲመጡ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ አና ተረጋግቶ ሻይ አቀረበላቸው። "የባልና ሚስት ግጭት ነው፣ ታረቁ" ብለው ሊሄዱ ሲሉ የምድር ቤቷ አንቲ ደረጃው ላይ ቆመው በቴሉጉ አወረዱባቸው። ምን እንዳሏቸው እስከዛሬ አልተተረጎመልኝም። ፖሊሶቹ ግን ስሙን መዘገቡ።

በማግስቱ ጣቢያ ሄድን። እዚህ ላይ ትዕግስት ይጠይቃል። ብዙ ጣቢያዎች ክስ ከመመዝገባቸው በፊት "ካውንስሊንግ" ይላሉ፤ ባልና ሚስትን አስቀምጠው ያስታርቃሉ። የእኛ ሽምግልና ማለት ነው፣ በካኪ ልብስ። "ለልጅሽ ስትይ" አሏት። አንድ ወረቀት አምጥተው ፈርሚ አሏት። የዋራንጋሏ ልጅ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። "ከእንግዲህ ሁለታችንም እንደማንጣላ" ይላል። ሁለታችንም! አካ የተሰበረውን ጣቷን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አሳየቻቸውና አልፈርምም አለች። አካ ድምፅ ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

እዚያ አካባቢ ያወቅኳቸውን ላካፍላችሁ። የወንጀሉ ክስ ሲመዘገብ ኤፍ.አይ.አር ይባላል፣ የእሱን ኮፒ በነፃ የማግኘት መብት አላት። "ይህ የእኛ ክልል አይደለም" ብለው ቢመልሷት ዜሮ ኤፍ.አይ.አር የሚባል አለ፤ ማንኛውም ጣቢያ መዝግቦ ወደሚመለከተው መላክ አለበት። ሆስፒታል ስትሄድ ለሐኪሙ እውነቱን ትናገር። አካ በመጀመሪያው ጊዜ "ወደቅኩ" ስላለች ካርዷ ላይ የተጻፈው መውደቅ ነበር፤ ኋላ ጠበቃው በዚያ ወረቀት ሲቸገር አይቻለሁ።

መንገዱ የተከፈተው ግን በፖሊስ በኩል አይደለም። 181 ደወልን። የሴቶች የእርዳታ መስመር ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ወደ ሳኪ ማዕከል መሩን። ሳኪ ማለት ከ2015 ጀምሮ በየወረዳው የተከፈቱ፣ ሕክምና፣ ምክር፣ ጠበቃና ለጥቂት ቀን ማደሪያ በአንድ ቦታ የሚገኝባቸው ማዕከላት ናቸው። ግድግዳው የተላላጠ ትንሽ ቢሮ ነው። ውስጡ ያለችው ሴት ግን ሥራዋን ታውቃለች። አካን አስቀምጣ የጥቃት ሪፖርት ቅጹን ሞላችላት። የጠየቀቻት ስለ ዱላው ብቻ አይደለም። ደሞዝ ይሰጥሻል? ስልክ ይከለክልሻል? ወንድ አልወለድሽም ብለው ይሰድቡሻል? ወርቅሽ የት ነው? ያ ሁሉ በሕጉ ጥቃት ነው። አካ እያለቀሰች መለሰች። እነዚህ ነገሮች ተጠይቀው ሲጻፉ አይታ አታውቅማ።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነገር አለና እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የወንጀል ክስ ነው፤ ያኔ አንቀጽ 498ኤ ይባል ነበር፣ ከሐምሌ 2024 ወዲህ በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 85 ሆኗል። እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። ሕንድ ውስጥ ስለዚህ አንቀጽ ጭቅጭቁ ብዙ ነው፤ ወንዶቹ "ሴቶች ለበቀል ይጠቀሙበታል" ይላሉ። የበላይ ፍርድ ቤቱም በ2014 ፖሊስ ዝም ብሎ እንዳያስር መመሪያ ሰጥቷል። ሁለተኛው መንገድ የ2005ቱ ሕግ ነው። ዋና ዓላማው ማሰር አይደለም። ዳኛው ባልየውን "አትምታ፣ አትቅረብ፣ ከቤት አታስወጣት፣ ቀለብ ክፈል" ብሎ ያዘዋል። ቤቱ በእሷ ስም ባይሆንም የመኖር መብት አላት። ትእዛዙን ከጣሰ ያኔ ወንጀል ይሆናል፤ እስከ 1 ዓመት እስር ወይም እስከ 20,000 ሩፒ ቅጣት ወይም ሁለቱንም። ሕጉ ለሚስት ብቻ አይደለም፤ ያለ ትዳር ከወንድ ጋር አብራ ለምትኖር፣ ለእናት፣ ለእህትም ይሠራል።

እኔ እንዳየሁት አብዛኞቹ ሴቶች ባላቸው እንዲታሰር አይፈልጉም። ዱላው እንዲቆም ነው የሚፈልጉት፣ ከነጣሪያቸው። አካም እንደዚያ ነው ያለችው። ስለዚህ ለእኔ ሁለተኛው ሕግ ይበልጥብኛል። አፈጻጸሙ ግን ጉድ ነው። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ቀን ውስጥ፣ ጉዳዩ በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይላል። ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለው ያገኘኋቸው ሴቶች ይህን ብነግራቸው ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን ዳኛ የለም፣ አንድ ቀን የባል ጠበቃ ታሟል። አካ ጊዜያዊ ትእዛዝ ያገኘችው ወራት ጠብቃ ነው።

ትእዛዙ ከመጣ በኋላ ቤቱ ሰላም ሆነ አልላችሁም። አማትየዋ ማኩረፍ ጀመረች፣ ምግቡን ለየች። አና ግን እጁን አላነሳም። ወረቀቱን ፈርቶ ነው ይሁን አንቲን፣ እንጃ።

አገር ቤት ስመለስ ይህን ታሪክ ስነግር "አይ ሕንዶች!" የሚሉኝ አሉ። እነሱ እንደዚህ ናቸው፣ እኛ ግን… ለእነሱ ሁለት ቁጥር አለኝ። ሕንድ ከ2019 እስከ 2021 ባደረገችው የቤተሰብ ጤና ጥናት 45 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት የሚሆን ነገር አለ ብለዋል። የእኛ የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ 63 በመቶ ናቸው። ካትናም የለንም፣ እውነት ነው። የወንጀል ሕጋችን በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃት ያነሳል፤ ዳኛ ባልን አስቀድሞ "ከቤት አታስወጣት፣ አትቅረባት" የሚልበት ለብቻው የወጣ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ግን የለንም። የሕንዱን ሕግ አይቼ የቀናሁት በዚህ ነው። በዚያው የሕንድ ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 77 በመቶዎቹ ለማንም አልተናገሩም፣ እርዳታም አልጠየቁም። ሕግ መኖሩ ብቻ አፍ አያስከፍትም።

ስለ እናንተ ስለ ራሳችሁ ደግሞ ጥቂት። ሐበሻ ሴት ሃይደራባድ ውስጥ ስትሄድ ትታያለች። አውቶቡስ ውስጥ መተሻሸት፣ መንገድ ላይ መከተል፣ ስለ መልክሽና ስለ ቀለምሽ አስተያየት መስጠት አለ። "ኢቭ ቲዚንግ" ይሉታል፣ ጨዋታ ይመስል። ከታኅሣሥ 2012ቱ የዴልሂ አውቶቡስ ግድያ በኋላ በ2013 ሕጉ ሲሻሻል ሴትን መከታተልና ተደብቆ ማየት ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። ሃይደራባድ ላይ ከ2014 ጀምሮ ሺ ቲምስ የሚባሉ ፖሊሶች አሉ፤ ሲቪል ለብሰው አውቶቡስ ማቆሚያና ኮሌጅ በር ላይ ቆመው አስቸጋሪዎቹን በካሜራ ይይዛሉ። ወጣት ከሆነ ወላጁን ጠርተው ፊት ለፊቱ ቪዲዮውን ያሳያሉ። እናቱ ፊት! ከእስር ይልቅ ይህ የሚያማቸው ይመስለኛል። ሜትሮ ላይ ለሴቶች የተለየ ቦታ አለ፣ ተጠቀሙበት።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማሪ ወይም አማካሪ ካስቸገራችሁ የውስጥ አቤቱታ ኮሚቴ መኖር ግዴታ ነው፣ በ2013 ሕግ። ከ2016 ጀምሮ ተማሪዎችም በግልጽ ይሸፈናሉ። አቤቱታው በጽሑፍ ነው፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ3 ወር ውስጥ። ፒኤችዲ ተማሪ ፊርማው በአማካሪው እጅ ስለሆነ ዝም ይላል። ቢያንስ ቀኑንና ቃሉን ጻፉት፣ ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጉት። ሦስት ወር ቶሎ ያልፋል።

አካ አሁን ከልጇ ጋር ለብቻዋ ነው የምትኖረው። ትእዛዙ ከመጣ በኋላም ከአማቷ ጋር ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ በራሷ ጊዜ ወጣች። አንድ ልብስ ስፌት ቤት ብላውዝ ትሰፋለች። የቀለቡ ገንዘብ አንዳንድ ወር ይመጣል፣ አንዳንድ ወር ጠበቃው ማመልከቻ መጻፍ አለበት። ከወርቁ ደረሰኝ ያለው ተመልሶላታል። ደረሰኝ የሌለው ገና ክርክር ላይ ነው፣ ፎቶዎቹ ቀርበዋል።

ለምትሄዱ፦ 112 እና 181ን በስልካችሁ መዝግቡ። ስልኩን የሚያነሱት በአብዛኛው በአገሩ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው እስኪመጣ ደቂቃ ያልፋል። የቤታችሁን አድራሻ፣ የፎቁን ስምና አጠገቡ ያለውን ምልክት ጎረቤት በቴሉጉ ወይም በሂንዲ ጽፎ ይስጣችሁና በሩ ጀርባ ለጥፉት። ደንግጣችሁ አድራሻ ፊደል በፊደል ልትናገሩ አትችሉም፣ እኔ ሞክሬዋለሁ።